ቀጋ በቦረቦሩ አፋፍ

ሀብትነሽና ባሏ ምንይሉ ከብቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር ጤፍና ስንዴ እያረሱ ይኖራሉ። ከማሳቸው ግርጌ ጎርፍ በየክረምቱ የሚያሰፋው ጥልቅ ቦረቦር አለ። አንድ ጥር የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው አርሴማ የበሰለ ቀጋ ልትለቅም ወደ አፋፉ ሄደች። ከቁጥቋጦው ጎን ያለው ባዶ መሬት ውስጥ ለውስጥ ተሸርሽሮ ኖሮ ከእግሯ ሥር ተናደ። ሰው ደርሶ አፈሩን ሲያነሳላት ነፍሷ ወጥታ ነበር።

አርባዋ በወጣ ማግስት ምንይሉ መጥረቢያ ይዞ ወረደ። እሾሁ ክንዱን እየቧጨረው ቀጋውን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለ። ሀብትነሽ አልከለከለችውም። ሲመለስ ክንዱን አጠበችለት።

በሐምሌ ቀጋው የነበረበት አፋፍ ተገምሶ ወረደ። ቦረቦሩ የጎረቤታቸው የአያ ፋንታ ጎተራ አጠገብ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ሀብትነሽ ከወንዝ ማዶ የቀጋ ቅርንጫፍ ቆርጣ አመጣችና ከአፋፉ ራቅ አድርጋ መትከል ጀመረች።

«ልጄን የበላውን ልታበቅይብኝ ነው?» አላት ምንይሉ።

«ቀጋው አልበላትም» አለች ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ቀጋ ያለበትማ ቆሞ ነበር። የተናደው ባዶው ነው። አንተም አይተኸዋል።»

«አይቻለሁ» አለ። ግን አላገዛትም።

በጋው ሲጠና የተከለችው ሁሉ ቅጠሉን አራገፈ። ምንይሉ አንድ ቀን መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ደርቋል እኮ።»

ሀብትነሽ አንዱን ግንድ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሳየችው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነበር። «ወቅቱ ነው። ዝናብ ሲነካው ያቆጠቁጣል» አለችው።

ምንይሉ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አለ። «ቀጋ ለቅመሽልኝ ነይ ብዬ።»

«አውቃለሁ። ነግራኝ ነው የሄደችው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አንተው እስክትነግረኝ ብዬ።»

ሰኔ ሲገባ ችግኞቹ አቆጠቆጡ። ምንይሉ በአፋፉ ዙሪያ ጉድጓድ እየቆፈረላት እስከ ማሳቸው ዳር ድረስ ተከሉ። ልጆችና ከብት እንዳይጠጉም ከወዲህ በኩል በእንጨት አጠሩት። ሥሩ አፈሩን ይዞ በሦስተኛው ክረምት ከእነሱ በኩል አንድም ቦታ አልተናደም።

በአራተኛው ዓመት አያ ፋንታ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«የቀጋ ቁራጭ ስጡኝ እስቲ፤ በእኔ ጎተራ በኩል ያለው አፋፍ አሁንም እየተናደ ነው» አሉ።

«እሺ አያ፣ ይቀመጡ» አላቸው ምንይሉ። ከጠነከረው ቁጥቋጦ መርጦ ቆረጠላቸው። ሽማግሌው ብቻቸውን መቆፈር እንደማይችሉ ስለሚያውቅም ዶማውን አንስቶ ተከተላቸው።