ፓትራውን ማን አዞረው?

ሐኪሙ ጠዋት "ንጹህ ነው" አለን። ከእማዬ ሆድ የወጣው እብጠት ተመርምሮ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። አባዬ የሐኪሙን እጅ ጨብጦ መልቀቅ አቃተው፤ እኔ ነኝ ያላቀቅኳቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታችንን አጣጥመን ሳንጨርስ ግን ሐኪሙ ጣቱን ቀሰረብን።

"የቀረው ምግብ ነው" አለ። "ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በላች አይባልም። ቤቷ ውሰዷትና ደስ ያላትን አብሏት። እስከ ነገ ምንም ካልቀመሰች ግን መልሳችሁ ታመጧታላችሁ፤ እንደገና እናስተኛታለን።"

እማዬ ሰምታለች። ታክሲ ውስጥ ሁሉ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም። ቤት ደርሰን አልጋዋ ላይ ስናስተኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሾርባ ሠራሁ፤ "አልፈልግም" አለች። እንቁላል ቀቀልኩ፤ "ሽታው ከበደኝ" አለች። ሙዝ ልጬ ያዝኩላት፤ ጭራሽ አላየችውም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ሰልፍ ላይ አልነበርኩም። ፀጉር ቤት ስሠራ ደንበኛ ሁለቴ ሐሳቧን ከቀየረች ማበጠሪያው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

"እና ምንድነው የምትፈልጊው?" ብዬ ጮህኩ። "ንገሪኝና መሬት ቆፍሬም ቢሆን ላምጣልሽ!"

በጮህኩት ጩኸት ማፈር ስጀምር፣ ፊቷን ሳትመልስ "የአባትሽን የምድጃ ድንች" አለች።

አባዬ በሩ ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። እማዬ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ሸሚዙ የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ተኮማትሮ የሰነበተ ሰው፣ በዚያች ቃል ቀጥ አለ። እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ኩሽና ሄደ።

ስለ ምድጃው ካልነገርኩ ነገሩ አይገባም። አባዬ በያጅ ነው። ምድጃውን የሠራው ከእማዬ ጋር እንደ ተጋቡ ነው፤ ገላው ወፍራም ላሜራ፣ እግሩ የመኪና ባሌስትራ፣ እሳቱ ከሥር በጋዝ። ኩሽና ለማስገባት አራት ጎረምሳ ጠይቋል። እማዬ በዚህ ምድጃ ምክንያት ነው አባዬን "ኢንጂነሩ" የምትለው። እሱም ስሙን በቁም ነገር ይወስደዋል፤ በዓለም ላይ ከዚህ ምድጃ የሚስተካከል የለም ብሎ ያምናል። አንድ ሕግ አለው፦ በሩ ከተዘጋ እሱ "ደርሷል" እስኪል ድረስ ማንም አይከፍተውም። "በተከፈተ ቁጥር ልቡ ይወጣል" ይላል። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ መያዣውን ብነካ ከተቆጣኝ ቁጣ የተነሣ፣ ዛሬም ሰው ቤት ሄጄ ፍሪጅ ሳላስፈቅድ አልከፍትም።

እኔን ነጭ ሽንኩርት እንድልጥ ብቻ ፈቀደልኝ። እሱ ድንቹን ሲልጥ ብረት የሚሞርድ ነው የሚመስለው፤ አንድ ጉብ ያለ ነገር ካየ ይመለስበታል። እኩል እኩል ቆርጦ ጨው ባለበት ውኃ በግማሽ ቀቀለው። ውኃውን አንጠፈጠፈና ድስቱን ከድኖ በሁለት እጁ ይንጠው ጀመር።

"ቀስ በል፣ ገንፎ አደረግከው እኮ!" አልኩት።

"አንቺ ፀጉርሽን አበጥሪ" አለኝ። "ጎን ጎኑ ሻካራ ካልሆነ አይንኮሻኮሽም።"

ፓትራው ላይ፣ ሰፊው የመጋገሪያ ትሪ ላይ፣ ዘይት አሙቆ ድንቹን ሲገለብጠው ጭሽሽ አለ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ የጥብስ ቅጠሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን ነሰነሰበት። ምድጃው ውስጥ ከተተው፣ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ሽታው እስኪጠራው ድረስ በረንዳ ላይ ሊቀመጥ ወጣ።

እማዬ ክፍል ስገባ ተነሥታ ትራሷን ተደግፋለች።

"ወጣ?" አለች በሹክሹክታ።

"ማን?"

"አባትሽ ነዋ!"

"ወጥቷል፣ በረንዳ ላይ ነው።"

ብርድ ልብሱን ገፈፈችና እግሯን መሬት ላይ አደረገች። ትከሻዋን ያዝኩ።

"ምን ሆነሻል? ስፌትሽ ሊፈታ ነው!"

"እንግዲያው አንቺ ሂጂ። ትንሽ ቆየት በይና ፓትራውን አዙሪው። የኋላው ወደ ፊት፣ የፊቱ ወደ ኋላ።"

"እኔ? ምድጃውን ልከፍት?"

"አዎ፣ ምን አፍሽን ትከፍቻለሽ? እሳቱ የሚበረታው ወደ ኋላ ነው። ካልተዞረ የኋላው ያራል፣ በበሩ በኩል ያለው ጥሬውን ይቀራል። ከተሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። "አባዬ ያውቃል?"

"ከየት ያውቃል! መጀመሪያ የሠራ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እሱ እንግዳ ሊቀበል ሲወጣ ከፍቼ ባየው አንድ ወገኑ ሊከስል ነው፤ አዞርኩት። ድንቹ አምሮ ወጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እዚያ መሀል ቆሜ ምን ልበል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመናገር ጊዜው አለፈ።"

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ "አባዬ፣ እጅህ ይባረክ" እያልኩ የበላሁት ድንች ግማሹ የእማዬ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አባዬም ስለ ገዛ ምድጃው የሚነግረው ሰው ሳያገኝ እኔን አሳድጎ እዚህ አደረሰኝ።

እማዬ "አሁን" ስትለኝ በድመት ኮቴ ኩሽና ገባሁ። ጨርቅ ይዤ በሩን ስከፍት እንፋሎቱ መነጽሬን ጋረደው፤ አንድ ነገር አይታየኝም። በዳበሳ ፓትራውን ሳብኩ፣ አዞርኩ፣ መልሼ ገፋሁ፣ አውራ ጣቴንም ለበለብኩ። ስመለስ እማዬ "አዞርሽው?" አለችኝ። "አዙሬዋለሁ" አልኳት። እፎይ ብላ ትራሷ ላይ ተኛች። ምን ያህል እንደተጨነቀች ያየሁት ያኔ ነው፤ የሚበላ ነገር ተገኝቶ እንኳን እሷ የምታስበው አባዬ እንዳያፍር ነበር።

ሽታው መጣ። መጀመሪያ የጥብስ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ የነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎ ግን ሌላ ሽታ። አባዬ ሲሮጥ ሰማነው። የምድጃው በር ጓ ብሎ ተከፈተ።

ፓትራውን በጨርቅ ይዞ ገባና ወንበር ላይ አስቀመጠው። አንደኛው ወገን ከሰል ነው። ሌላኛው ወገን ነጭ፣ እንደ ገባ የወጣ። እኔ የማየው ድንቹን አልነበረም፤ ነገ ጠዋት እማዬን ይዘን የምንመለስበትን ያን የሆስፒታል ደረጃ ነበር።

"አዙሬው ነበር እኮ!" አለ አባዬ።

"እኔም አዙሬዋለሁ!" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሦስታችንም ተያየን።

"አንተ?" አለች እማዬ። "አንተ አዞርከው?"

አባዬ ጨርቁን ያጣጥፍ ጀመር። "በጓሮ በር ገብቼ። እናንተ ስታወሩ።"

"መቼ አወቅህ?"

"አንቺ ሆስፒታል ስትተኚ ነው" አለ፤ ጨርቁን ፈታው፣ መልሶ አጠፈው። "ይዤልሽ ልመጣ ብዬ ሠራሁ፤ አረረ። ደግሜ ሠራሁ፤ አረረ። እሳቱን ፈታትቼ አጸዳሁ፣ በሩን አቃናሁ፤ ያው አረረ። መሬት ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ምድጃው አልተበላሸም፣ ያው ነው። ከቤቱ የጎደለው የሚያዞረው ሰው ነው።" ጨርቁን እንደገና ፈታው። "እስከዚያ ቀን ሐኪም ያለውን ሁሉ ሰምቼ አልፈራሁም ነበር። ያን ቀን ፈራሁ።"

እማዬ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ስጠጋ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ የምትስቀው ግን ከልቧ ነው።

"አታስቁኝ! ስፌቴን!" አለች። "ብቻዬን ሳዞር ስንት ዘመን፣ አንድ ቀን አላረረም! ዛሬ አባትና ልጅ አንዱ ያዞረውን ሌላው መልሶ እያዞረ ከሰል አበላችሁኝ! ወይኔ ኢንጂነሩ!"

አባዬም ሳቀ። እኔ መሳቄንም ማልቀሴንም አላውቅም፤ መነጽሬ እንደገና ተጋረደብኝ።

እማዬ እጇን ዘረጋች። "ወዲህ አቅርቢው" አለች። ከጥቁሩና ከነጩ መሀል አንድ መስመር፣ ማንም ቢያዞረው ግድ ያልሰጠው፣ ቡናማ ሆኖ በስሏል። ከዚያ አንዱን አንሥታ እፍ፣ እፍ አለችበትና ነከሰች። ተንኮሻኮሸ። እኔና አባዬ ጉሮሮዋን እያየን አብረናት ዋጥን።

"ጨው አንሶታል" አለች።

በዚያ ቤት የአባዬን ድንች እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። አባዬ ግን ወደ ኩሽና ሮጠ። ሲመለስ እማዬ ሁለተኛውን ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። ጨው ነሰነሰላት፤ በላች፤ ደግማ አነሣች።

"ከእንግዲህ" አለች አፏ ሞልቶ፣ "የሚያዞር ሰው ጮክ ብሎ ይናገር።"

"ማነው የሚያዞረው?" አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

እማዬ ሞኝ እንዳየች አየችው።

"እኔ ነኛ!" አለች። "ሌላ ማን ሊያዞርልህ ነበር?"

አባዬ የጨው ዕቃውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።