ኦቦ ኢቲቻ ያላሹት አንገት

ተረፈች ሱሉልታ ላይ አራት የወተት ላሞች አሏት። ከአንገቷ ሥር የተነሳ ሕመም በቀኝ ትከሻዋ አልፎ እስከ አውራ ጣቷ ሲያቃጥላት፣ ብርድ ነው ብላ ሦስት ሳምንት ቅባት እየተቀባች ዝም አለች። አንድ ጠዋት ግን ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። ወተት የሞላው ባልዲ ከእጇ አምልጦ በረቱ ውስጥ ተደፋ።

ባሏ ቀጄላ ነጠላዋን አቀበላትና በቀጥታ ኦቦ ኢቲቻ ዘንድ ወሰዳት። የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ የእሱን የወለቀ ትከሻ የመለሱለት እሳቸው ናቸው።

ሽማግሌው በርጩማ ላይ አስቀምጠዋት ከኋላዋ ቆሙ። አንድ እጃቸው አገጯን፣ ሌላው ማጅራቷን ያዘ። ቀጄላ እንዳትወራጭ ጉልበቶቿን ተጫነ። ራሷን ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ዘንበል ሲያደርጉት መብረቅ የመሰለ ነገር ከማጅራቷ እስከ ጣቷ ጫፍ ወረደ። ጮኸች።

«ቻይው፣ አንዴ ነው!» አለ ቀጄላ። «ይጨርሱት ኦቦ!»

የሽማግሌው እጆች ግን ባሉበት ቀሩ። አልጠመዘዙም፣ አልለቀቁምም። ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቋትና ፊት ለፊቷ መጥተው በየእጇ ሁለት ሁለት ጣታቸውን ሰጧት።

«ጭመቂ።»

ግራዋ አጥብቆ ያዘ። ከቀኟ ግን ጣታቸው ያለ ችግር ሾልኮ ወጣ።

«ስትሄጂ እግርሽ ይከዳሻል?»

«ኧረ እግሬስ ደህና ነው።»

«እኔ አልነካትም» አሉ ወደ ቀጄላ ዞረው።

ቀጄላ ተነሳ፤ ፊቱ ቀልቷል። «አገሩ ሁሉ በአንቱ እጅ እየዳነ እኛን ለምን ይመልሱናል?»

«እንደ እሷ ያመመው አንድ ሰው አንገቱን አዙሬበት ክንዱ እንደተንጠለጠለ ቀረ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬም ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ሐኪም ጋ ውሰዳት፤ አሁኑኑ።»

ክሊኒክ ሲደርሱ ዶክተር ፌኔት የተባለች ሐኪም ክንዷን፣ ጣቶቿን፣ እግሯን ሳይቀር መረመረች። «እትዬ ተረፈች፣ የሚያምዎት እጅዎን ቢሆንም ችግሩ ያለው አንገትዎ ላይ ነው» አለቻት። «በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ወደ ክንድ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። የእጅዎ መድከም ከባሰ ወይም ወደ እግር የሚወርደው ነርቭም ተነክቶ እግርዎ ከከዳዎት ግን በዚያው ቀን ይምጡ።»

«ላሞቼንስ ማን ያልባቸዋል?»

«እኔ አልባለሁ» አለ ቀጄላ አቀርቅሮ። በዕድሜው አልቦ አያውቅም፤ በማግስቱ ጠዋት አንዷ ላም በእርግጫ ጭኑን መታችው።

ተረፈች መድኃኒቷን ወሰደች፣ የታዘዘላትን የአንገት እንቅስቃሴ ሠራች፤ ከመኝታዋ ስትነሳ ሁሉ መጀመሪያ እግሯ ከድቷት እንደሆነ እየፈራች ታነቃንቀው ነበር። በሁለተኛው ወር ሕመሙ ለቀቃት፣ ጉልበቷም ተመለሰ። አውራ ጣቷ ብቻ ዛሬም ይደነዝዛታል።