ያልታጠበ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ ያልታጠበ ጨርቅ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሕጉን ያወጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የሚያስከብረው ግን ባሏ ነው። እሷ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያገጣጠመች፣ መሃሉን ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር እያደረገች ብርድ ልብስ ትሠራለች። እሱ ደግሞ ጨርቁን ያጥባል። ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሲያጥብ አላየውም ማለት ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ርዝመቱንም ወርዱንም በሜትር ይለካል። ከዚያ በሳፋ ሙቅ ውሃ ይዘፈዝፈዋል፣ ያሸዋል፣ ውሃው እስኪጠራ ያለቀልቀዋል። መጨመቅ ክልክል ነው፤ ጨርቅ ይጣመማል። ገመድ ላይ አስጥቶ፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ያወርድና ይተኩሰዋል። በመጨረሻም እንደገና ለክቶ ውጤቱን ጮክ ብሎ ያውጃል። «ሁለት ጣት አጠረ!» ይላል፣ ሌባ የያዘ ይመስል። ልብስ ሰፊዋም «ጎሽ! ይሄኔ ሳይታጠብ ተሰፍቶ ቢሆን ጉድ ሆነን ነበር» ትለዋለች። ይህን ስትል መርፌዋን እንጂ ፊቱን አታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ መቀመጫውን ሳይዝ ስለማይንቀሳቀስ ሰፈሩ «ቀስ በል» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ተለጥፎበት ቀረ። ዓይኑ ሲደክም መሥሪያ ቤቱ አመስግኖ ሸኘው። ቤት መዋል የማያውቅ ሰው ቤት ዋለ። መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግቶ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ መተቸት ያዘ፤ ይሄኛው ፍሬን አያያዙ፣ ያኛው አዟዟሩ። ሰንበትበት ሲል መተቸቱንም ተወው። ሚስቱን ያስፈራት ይኼኛው ነው። እህል አስጠላው፣ ጺሙን ረሳው። አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ የትም ሳይሄድ እስኪመሽ እዚያው ተቀምጦ ዋለ።

በማግስቱ ሕጉን አወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስትሰፋ የኖረችው ሳታጥብ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣ ጨርቅ ደረቅ ስለሆነ መቀስ ይቀበላል፣ ጠርዙም ቀጥ ይላል። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይታጠባል» አለችው። «ገዢ ቤት ሄዶ እያጠረ አስቸገረኝ። እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም፣ ምን ይሻለኛል?» ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የዋሸችው። አጠረብኝ ብሎ የመጣ አንድም ገዢ አልነበረም። እሱ ግን ሳፋው የት እንዳለ ጠየቃት። ያን ቀን ምሳውን በላ።

ይህ ሁሉ ባለሱቋ እስክትመጣ ድረስ ነው። ባለሱቋ የአልጋ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ ከምትሠራው አብዛኛውን የምትወስድላት እሷ ናት። የመጣችው ባልየው ሳሙና ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ሆነ። ያመጣችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና፦

«እናትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ይሄን እንዳታጥቢው» አለች።

«እንዴት አይታጠብም?»

«የታጠበ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል። ገዢ ዳበስ ሲያደርገው አሮጌ ይመስለዋል። ሳይታጠብ ከተሰፋ ግን፣ ገዢው ራሱ ሲያጥበው ሁሉም አብሮ ይሰበሰብና ስፌቱ ሽብሽብ ይላል። ሰው አሁን የሚወደው እሱን ነው። ይሄ ላንቺ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ታጥቢዋለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ደረደረች። ባለሱቋ ሰምታ ስትጨርስ፣ ታጥቦ ከመጣ እንደማትረከብ፣ ሌላ ሰፊም እንደምትፈልግ እየሳቀች ነግራት ሄደች። እየሳቀች ብትናገርም ቀልድ እንዳልሆነ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። እሷን ካጣች ቤቱ የሚተዳደርበት የለም። ባሏን «አይታጠብም» ካለችው ደግሞ ወደዚያ ወንበር መመለሱ ነው፤ ሁለተኛ የሚያስነሳውን ውሸት ከየት ታመጣለች?

ግድግዳ የምትጋራትን ፀጉር ሠሪ አማከረቻት። ፀጉር ሠሪዋ ከመሳቅ የማትቦዝን ሴት ናት።

«ጨርቁን እኔ ጓዳ ገብተሽ ቁረጪው። ለሱ አሮጌ ስጪው» አለች።

«አሮጌ መሆኑንማ ያውቃል። ለስልሶ የለ እንዴ!»

«ለሱ አታስቢ።»

መላዋ የፀጉር ስፕሬይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ድሮ ታጥቦ የተረፈ ጨርቅ ከቁም ሳጥን አወጣች፤ ስፕሬይ ነፉበት፣ በጋለ ካውያ ተኮሱት፣ ጠቀለሉት። ጨርቁ እንደ ካርቶን ደረቀ። ሁለቱ ሴቶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማታ እራት ላይ ግን ልብስ ሰፊዋ ባሏ እንጀራውን ሲቆርስ እጁን አየችው፤ ጣቶቹ ከውሃ ብዛት ተጨማደዋል። ሳቋ ያን ጊዜ ጠፋ።

«አዲስ ጨርቅ መጣልህ» ብላ ጠዋት ሰጠችው። ዳሰሰው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ ለካው፣ ሳፋውን ሞላ። እሷ የምትሰፋበት ክር አለቀ እያለች ፀጉር ሠሪዋ ጓዳ ትገባለች፤ ደንበኛ ፀጉሯን ስትታጠብ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ አዲሱን ጨርቅ ትቆርጣለች። ማታ እሱ ውጤቱን ሳያውጅ ተኛ። በማግስቱም እንደዚያው።

«ስንት አጠረ?» ብላ ጠየቀችው።

«እንደ ወትሮው።»

ይህ ሰው የጨርቅ ልክ ተጠይቆ «እንደ ወትሮው» ብሎ አያውቅም። ጠረጠረች፤ ያም ሆኖ በነጋታው ሌላ አሮጌ ጨርቅ ሰጠችው።

ከሰዓት በኋላ ከፀጉር ሠሪዋ ጓዳ ስትመለስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ያጠባቸው ጨርቆች በሙሉ ተተኩሰው ተደርድረዋል፤ ሜትሩ ላያቸው ላይ ተዘርግቷል።

«አላጠረም» አለ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። የክር ያህል እንኳ አላጠረም። አንዴ የታጠበ ጨርቅ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«አንዳንዱ እኮ ጥራት ያለው ከሆነ...»

«ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ይሸታል። የደከመው ዓይኔ ነው፤ አፍንጫዬ ደህና ነው።»

እጅ ከፍንጅ ተይዛለች። ቀሚሷ ላይ እንኳ የቆረጠችው አዲስ ጨርቅ ብጥስጣሽ ተጣብቋል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ባለሱቋ ያለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱ ቆሞ ሰማት።

«እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ድሮስ?» አለ።

«ድሮ ምን?»

«እስከዛሬ ያጠብኩት። ያስፈልግ ነበር?»

አዎ ብትለው ያምናት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ በዚያ ሜትር ሲለካው ይኖራል። አይ ብትለው ደግሞ የስንት ጊዜ ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው። ሁለቱም አስጠሏት።

«አያስፈልግም ነበር» አለች። «ጫማህን አድርገህ የተቀመጥክ ቀን ልትሞትብኝ መሰለኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። አንዱን ጨርቅ አንስቶ ጠርዝ ከጠርዝ እያገጠመ አጠፈው፤ ዘርግቶ ደግሞ አጠፈው።

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ» አለ። «ጨርቅ ሳይታጠብ አይሰፋም ብዬ። ፀጉር ሠሪዋን ሳይቀር ቁጭ አድርጌ አስተምሬያታለሁ። እሷም ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

ከግድግዳው ወዲያ የፀጉር ማድረቂያው ያጓራል። ልብስ ሰፊዋ አሁን ወጥቶ ይሄዳል ወይም ወደ መስኮቱ ይዞራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እንዳቀረቀረ ጠየቃት።

«አንድም የለም? መታጠብ ያለበት፣ አንድ እንኳ የለም?»

የለም ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ባለሱቋ ካመጣችው ውስጥ እጇ ገና ያልነካው አንድ ጨርቅ ነበር።

«ቀዩ» አለች።

«ቀዩ ምን ይሆናል?»

«ቀለም ይለቃል። ከነጩ አጠገብ ሰፍቼው ገዢ ካጠበው፣ ነጩን ያበላሸዋል።»

«አሁን ደግሞ በቀዩ ልታዝኚልኝ ነው?»

«አይደለም። እንደ ሌላው በሙቅ ውሃም አይደለም፤ ሙቅ ከነካው ያጥርና ካልታጠቡት ጋር አይገጥምም። በቀዝቃዛ እየዘፈዘፉ፣ ውሃው እስኪጠራ መለዋወጥ ነው።»

«አሳዪኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነገረችውን አሳዪኝ ያላት። ተነስታ ከፀጉር ሠሪዋ ጓዳ ቀዩን አመጣች፤ ከጫፉ ትንሽ ቆረጠች፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ስታነሳው ነጩ ሮዝ ሆኗል። እሱ ተቀበላትና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ወደ ብርሃኑ ዞሮ፣ ገልበጥ አድርጎም አየው። በጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገው፤ አልለቀቀም።

«ባለሱቋስ?» አለ።

«የቀዩን እኔ እነግራታለሁ።»

ብርጭቆውን አንስቶ የቀላውን ውሃ አየው።

«እንግዲያው ቀዩ የኔ ነው» አለ። «ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። በቀዩ ግን እንዳትዋሺኝ።»