ከደጅ የሚሰጥ መልእክተኛ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዓይን ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ለፕሮግራመሩ ደወለች። «የነገዎቹን ታካሚዎች ቀጠሮ ማነው የሰረዘው?» አለችው ረጋ ብላ። ከደቂቃዎች በፊት ለሙከራ ብሎ «ቀጠሮዎ ተሰርዟል» የሚለውን መልእክት ያስነሳው እሱ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠራው የፕሮግራሙ የቀጠሮ ክፍል መልእክት ላኪውን እዚያው ሆዱ ውስጥ ራሱ ይፈጥራል፤ ሙከራ ይሁን እውነት አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይልካል። «ጋሽ ቆይ» የሚሏቸው አለቃው፣ «ቆይ፣ ክፍሉ የሚያስፈልገውን ራሱ አይፍጠር፤ ሲፈጠር በመግቢያ በሩ፣ በኮንስትራክተሩ በኩል ከደጅ ይሰጠው» ብለውት ነበር። ለአንዲት መስመር ምን አደከመኝ ብሎ አለፋት። ሰነፍ ሰው እንዲህ ነው፤ ስንፍናውን ፍጥነት ይለዋል።

መልእክቱ የደረሳቸው ዐሥራ አንድ ናቸው። ለዐሥሩ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ዐሥራ አንደኛዋ ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ የዓይን ቀዶ ሕክምና ወረፋውን ስምንት ወር ጠብቃለች። ስልኳ ዝግ ነው። ቤቷ ሲሄድ ጎረቤቷ «ሻንጣ ይዛ ወጣች» አለው። አክስቱ እምቢ ከተባለች ደግማ አትለምንም። ተስፋ ቆርጣ አገሯ ገባች ብሎ ስልኳን ደጋግሞ ሲሞክር አደረ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ሲደርስ ከሁሉም ፊት ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«አክስቴ፣ መልእክት አልደረሰሽም?»

«ጢጥ ሲልማ ሰምቻለሁ። ማንበብ ብችል እዚህ ምን ያመጣኛል ልጄ? ለዚህ ይቀርበኛል ብዬ ጓደኛዬ ዘንድ አደርኩ፤ ቻርጀሬን ረስቼ።»

ሳቀ፤ ከዚያ እንባው መጣ። ዓይኑን ለታመመ ሰው የሚነበብ መልእክት ሲልክ ሁለት ዓመት ሞላው፤ አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም።

እሷ ስትገባ እሱ ኮሪደሩ ላይ ላፕቶፑን ከፈተ። ላኪውን ከክፍሉ ሆድ አወጣና ከደጅ የሚሰጥ አደረገው። ለሙከራ ዲዳ ላኪ ሰጠው፤ የተባለውን ይመዘግባል እንጂ ለማንም ትንፍሽ አይልም። ለእውነተኞቹ ታካሚዎች ደግሞ ደውሎ በድምፅ የሚናገር ሰጠው። የቀጠሮው ክፍል ከዚያ ወዲያ አልተነካም፤ የሰጡትን ይዞ ይሠራል። ድምፁን የቀዳው ራሱ ፕሮግራመሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሊጠይቃት ሲሄድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይዛ አገኛት።

«ነገ ጠዋት ፋሻዎ ይፈታል፤ እንዳይቀሩ» ይላል የተቀዳው ድምፅ።

«እሺ የኔ ልጅ» አለችው ለስልኩ። «ቁርስ በልተሃል?»

«ገና ነኝ፣ አክስቴ» አላት፣ በሩ ላይ እንደቆመ።