ያጠበቀ ይፍታ

በሰው ሳቅ ሰው ሞቶ ያውቃል? እናንተ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብላችሁ ሻያችሁን የምትጠጡ ሰዎች፣ ይህን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ታናሽየው ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ትሪ ይዞ ግቢው ውስጥ ከሸራው ሥር በተደረደሩት ወንበሮች መሀል ያልፋል። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ሲያነሳ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ትሪውን ማንም አልሰጠውም። ባዶ እጁን መቀመጥ ስለፈራ ራሱ ነው ያነሳው።

የሞተው ታላቅ ወንድሙ ነው። እንጨት በቶርኖ እያዞረ ገበቴ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር፤ የሥራ ክፍሉም ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ የባንኮው፣ የመሥሪያ ጠረጴዛው፣ ጠርዝ ጭንቅላቱን መታው። ለቀስተኛው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ጥቂቶች ደግሞ ከዚህ በላይ ያውቃሉ፤ ዝም ያሉትም እነሱ ናቸው።

ከነዚህ አንዱ፣ ፊት ለፊት ብረት የሚበይደው ጎረቤት፣ ሻዩን ሲቀበል ታናሽየውን በእጅጌው ስቦ ወደ ጆሮው ተጠጋ። የዚያን ቀኑን ጨዋታ ባናነሳው ይሻላል፣ የሞተ አይመለስም አለው። ታናሽየው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወዲያው ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

ታላቅየው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ታናሹን እንደ አባት አሳድጎ፣ መሮ አያያዝ አስተምሮ፣ ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶት አያውቅም። ታናሽየው ሥራ ቢያበላሽ ደንበኛው እስኪሄድ ይጠብቃል፤ በሩን ዘግቶ ነው የሚናገረው። በሰው ፊት የተነገረ ክፉ ቃል በሰው ፊት ካልሆነ አይታጠብም፣ ለምን ዕዳ ውስጥ እገባለሁ ይል ነበር። ታናሽየው በተቃራኒው ሰው ከሌለ አፉ የማይሠራ ተረበኛ ነው።

ተረቡ ከማይጠግባቸው ነገሮች አንዱ የቆዳ ቀለበት ነበር። ቶርኖው ላይ እንጨቱን የሚሸከመው ሳህን የሚያህል ክብ ብረት ነው። እንጨቱ ከብረቱ ጀርባ በሚገቡ ብሎኖች ይታሰራል፤ ብረቱ ራሱ ደግሞ የሚዞረው ዘንግ ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ ይገጠማል። ብረት ከብረት ጋር ከተናከሰ መላቀቂያ የለውም። ስለዚህ ታላቅየው በሁለቱ መሀል ስስ የቆዳ ቀለበት ሳያስገባ ገጥሞ አያውቅም። ቀለበቶቹን ሚስቱ ከአሮጌ ጫማ እየቆረጠች ሚስማር ላይ ትሰቅልለታለች። ታናሽየው ታዲያ «ጋሼ እኮ ብረቱም ጫማ ካላደረገ ይበርደዋል ብሎ ነው» እያለ ደንበኛ ያስቅበታል።

ያን ቀን ጠዋት ታላቅየው እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ ትልቁን ገበቴ የገጠመው ታናሽየው ነው። ቀለበቶቹ ሚስማሩ ላይ ነበሩ፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባቸዋል። አልዘረጋም። ሞተሩንም በአንድ ጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ አስነሳው። ብረቱ ጓ ብሎ ዘንጉን ነከሰ። ድምፁን ሰምቷል። ሰምቶም፣ ጋሼ ሲመጣ ያየዋል ብሎ በያጁ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ታላቅየው ተመልሶ የገበቴውን ጀርባ አለሰለሰና ሊያወርደው ፈለገ። ብሎኖቹ ከኋላ ስለሆኑ ብረቱ ካልወጣ ገበቴው አይወጣም። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርበትን መዘውር፣ ፑሌጃውን፣ አንቆ ይይዛል፤ ሌላው ክቡ ብረት ላይ ረጅም ብረት ደግፎ ይገፋል። በዘይት በራሰ እጁ በያጁ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ና እስኪ ያዝልኝ፣ ነክሷል» አለ።

ታናሽየው ከብርጭቆው ቀና ሳይል፣ «ያጠበቀ ይፍታ» አለ።

በያጁ ሳቀ። አብሯቸው ሻይ የሚጠጣው ልብስ ሰፊም ሳቀ። ታናሽየው ሳቁ ጣፈጠውና ጨመረበት፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ፣ ለካ የጋሼንም ብረት ረስተውት ነው።»

ታላቅየው ብረቱን ማን እንደገጠመው ያውቃል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ያ ሁሉ ሳቅ ዞሮ በተረበኛው ላይ ይዘንብ ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሺ፣ ሻይህን ጨርስ» ብሎ ተመለሰ።

ታናሽየው ሻዩን ጨረሰ። ሌላም አስቀዳ።

ታላቅየው ብቻውን ፑሌጃው ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ ወተፈ። መላ ክብደቱን ረጅሙ ብረት ላይ ጣለ። ሽብልቁ ተፈናጠረ፤ ዘንጉም ድንገት ዞሮ ወደ ባንኮው ጠርዝ ጣለው።

አሁን በለቅሶውም ቀን ክቡ ብረት ገበቴውን እንደተሸከመ እዚያው ነው። እስካልወጣ ድረስ ከጀርባው ቆዳ እንደሌለ ማንም አያይም። ስለዚህ የሟቹ ሚስት ትሪውን ከእጁ ተቀብላ «ገበቴውን አውርዱልኝ» ስትለው ፈጥኖ መለሰ።

«እትዬ፣ እንዳለ ይቀመጥ። መታሰቢያ ይሁን።»

«ማሽን ላይ የተሰቀለ መታሰቢያ አልፈልግም» አለች። ትክ ብላ አየችው፤ ቀድማም ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች።

በያጁ ጨርቅ ጠቅልሎ ፑሌጃውን በሁለት እጁ አነቀ። ታናሽየው ረጅሙን ብረት አንስቶ ደገፈና ገፋ፣ ግን እንዲወጣ አልነበረም የሚገፋው። በያጁ ገባውና ተናደደ፤ «ግፋ እንጂ፣ ምን ትዳብሰዋለህ» አለ። ገፋ። ብረቱ ጠቅ አለና ላላ። አንድ ግፊት ነበር። የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር የጎደለው። በያጁ እጁን ከፑሌጃው ላይ ሳያነሳ ቆሞ ቀረ።

ሴትየዋ ጠጋ ብላ ጣቷን በዘንጉ ትከሻ ዙሪያ አስኬደች። ባዶ ብረት ነበር፣ የተናከሰበት ቦታ የሚያብለጨልጭ። ከሚስማሩ አንድ የቆዳ ቀለበት አወረደች። ወደ ግቢው ወጣች፤ ታናሽየውም ገበቴውን ከነብረቱ ታቅፎ ተከተላት። ለቀስተኛው ወሬውን አቆመ።

«ባሌ ያለ ቆዳ አይገጥምም» አለች፣ ጥግ ያሉትም እንዲሰሙ። «ቆዳውን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ያን ቀንም ሊጠራህ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ሳቃችሁ እስከ ጓዳዬ ተሰምቷል፤ ምን እንዳሳቃችሁ ነው ያልሰማሁት።»

ልብስ ሰፊው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እሷ ገበቴውን ተቀብላ የባሏ ወንበር ላይ አኖረች። የታናሽየውን መዳፍ ገልጣ ቀለበቱን አስቀመጠችበት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ በላዩ ላይ አጠፈቻቸው። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ብረቱን ማን ገጠመው? ሲጠራህስ ምን ብለህ መለስክለት? የሳቁት ሁሉ እዚህ ተቀምጠዋል። በእነሱ ፊት ያልከውን በእነሱ ፊት ድገምልኝ።»