የስንዱ የእጅ ቅባት

፩

አትንኪው።

፪

ከዚያ በፊት ግን ስንዱ እጇን አሟት ነበር። የሆቴል ዕቃ አጣቢ ናት፤ በረኪናው ጣቶቿን እየሰነጣጠቀ ችፌ አወጣባት። ሐኪሙ አንድ ቱቦ ቅባት አዘዘላት፦ በስሱ፣ የተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ፊት ላይ በጭራሽ። እጇ ብዙም ሳይቆይ ልስልስ አለ። ይህን ያየች ታናሽ እህቷ ወይንእሸት ምን አለች መሰላችሁ?

«ለእጅ እንዲህ ከሆነ፣ ለፊትማ!»

ሠርጓ ተቃርቧል። ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ አማት አለች።

፫

አጠቃቀም (እንደ ወይንእሸት)፦

ከሎሽን ጋር ቀላቅዪው። ፊትሽን ሙሉ ተቀቢ። «ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ የጠራሽው?» ሲሉሽ፣ «ውሃ እየጠጣሁ ነው» በይ። ሲያልቅ ባዶውን ቱቦ ይዘሽ ፋርማሲ ሂጂና «ይሄን ስጠኝ» በይው። ማዘዣ የሚጠይቅሽ የለም።

፬

አንድ ቀን ግን ተጠየቀች።

ፋርማሲስቱ፦ ለማን ነው?

ወይንእሸት፦ ለእህቴ። ለእጇ።

ፋርማሲስቱ፦ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?

ወይንእሸት፦ ፀሐይ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ ፀሐይ እንዲህ ደም ሥር አያወጣም። ይሄ ቅባት ቆዳሽን ስስ አድርጎታል። አልሸጥልሽም፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ሄደች። ሐኪሟ ቅባቱን አስቆመቻት፤ ፊቷ መጀመሪያ እንደሚብስበት፣ እስኪረጋም ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አልደበቀቻትም። ሠርጉ ወራት አይጠብቅም።

፭

ፊቷ ይነዳል።



ይነዳል።

(ባዶውን ቦታ የተውኩት እናንተ እንድታርፉበት ነው። እሷ አላረፈችም፤ ተነሣች፣ መስታወት አየች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። እጮኛዋን ኪሩቤልን «ሙሽራ አይታይም» እያለች ሸሸችው።)

፮

የሠርጉ ጠዋት። ሜካፑ ገና ሲነካት አንገበገባትና እያለቀሰች ታጠበችው። ከዚያ የስንዱን አዲስ ቱቦ ከመደርደሪያው አነሣች።

«አትንኪው» አለች ስንዱ።

«ዛሬን ብቻ፣ እታለም! ምን ብሎ ያየኛል?»

«እኔ ነኝ ያሳየሁሽ፤ እጄን በቆረጠው!»

፯

ሙሽራው ደረሰ። እንደ ወጉ ሚዜዎቹ በር ላይ ታገዱ፤ ጭብጨባው ደመቀ።

«እንዳትከፍቱ!» ብላ ጮኸች ወይንእሸት ከውስጥ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ክዳኑን ፈታች።

መልሳ ገጠመችው።

ቱቦውን ስንዱ እጅ ላይ አስቀመጠችና «እሱን ብቻ አስገቢልኝ» አለቻት። ፈርታለች። ኪሩቤል አበባውን እንደያዘ ገባ። ቬሏን ገለጠች።

«ፊቴ ይሄ ነው። ራሴ ነኝ ያደረግሁት። ቶሎም አይለቅም።»

ውጭ ጭብጨባው ቀጥሏል።

፰

ኪሩቤል፦

(ይህን ባዶ ቦታ ደግሞ የተውኩት እናንተ እንድትሞሉት ነው።)