የለሰለሰው ባሌስትራ

የሳፍታ ፒካፕ ተራራው አጋማሽ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ያውም ባዶውን፣ ያውም አገር እያየ። ዕለቱ የወተት መለኪያ ቀን ነበር። በግ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ወደ ላይኛው በረት ወጥቶ የየራሱን በጎች ያልባል፤ ወተቱ ይለካል፤ በጋውን ሙሉ የሚደርሰው የአይብ ድርሻም እዚያው ይቆረጥለታል። ስለዚህ ጎርፍ በቦረቦረው ድንጋያማ መታጠፊያ ላይ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በከንቱ ሲሽከረከር ያላየ የመንደሩ ሰው አልነበረም።

ባለትራክተሩ ቪሳሪዮን በሰንሰለት ጎትቶ አወጣት።

«ምነው ሳፍታ፣ ዩኒቨርሲቲ ዳገት መውጣት አያስተምሩም እንዴ?»

ሰንሰለቱን ፈትታ ወረወረችለትና መኪናዋን አዙራ ወረደች። ለምን እንደቆመ አልጠፋትም፤ ያናደዳትም ይኸው ነበር።

የዚያ አገር ሰው የኖረው ግንድ እየጫነ ነው። መኪና የሚፈትነውም በአንድ መንገድ ነው፤ ወንዶቹ ከኋላ ጭነት በሚደረደርበት ካሶኒ ላይ ወጥተው ይዘላሉ። ካልሰመጠ ደህና መኪና ነው። ሳፍታ የበረቱን አይብ የማውረዱን ሥራ ፈልጋ ስለነበር እነሱ የሚወዱትን ሠራችላቸው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ያገኘችውን የባሌስትራ ብረት በብረት ላይ ደራረበችበት። ወንዶቹ ዘለሉ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ ደስ አላቸው። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ግን ጉልበቱ እንደማይታጠፍ ሰው ሆነ። አንዱ ጎማ ከፍ ሲል ሌላው ወርዶ መሬት መያዝ አቃተው።

ሥራው ካመለጣት ፒካፑን ሸጣ ክሉዥ ከተማ፣ መስኮት ወደሌለው ቢሮ መመለሷ ነው። ያንን ሞታ ነው።

በማግስቱ ፒካፑን በክሪክ አንስታ ከሥሩ ገባች። ከተማ የሚሸጠው አዲስ ዕቃ በእሷ አቅም የሚታሰብ አልነበረም። ከደራረበችው ብረት ረጃጅሞቹን ብቻ አስቀርታ ሌላውን አወጣች። የተጣሉ መኪኖች ከተከማቹበት ግቢ ሄዳ ከአንድ ቫን ላይ ረዘም ያሉ ሾክ አብዞርበሮች ፈትታ አመጣች። የፍሬኑንም ቱቦ በረጅም ቀየረችው፤ ጎማው አሁን ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ስለሚወርድ አጭሩ ይበጠስ ነበር። ለጭነቱም ቢሆን አስባበታለች፤ ከአክሰሉ በላይ በግራና በቀኝ ወፍራም የጎማ ትራስ አሰረች። ባዶውን ሲሆን ባሌስትራው እንደልቡ ይጫወታል፤ ሲጫን ካሶኒው ወርዶ ትራሱ ላይ ያርፋል።

ቅዳሜ ወንዶቹ መጥተው ዘለሉ። መኪናው ሰመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ሰመጠ።

«ይሄ መኪና ነው የሙሽራ አልጋ?» አለ ቪሳሪዮን። ሳቁ ከግቢው አልፎ ተሰማ።

የባለበጎቹ አለቃ ባዴ ጋቭሪላ አልሳቁም። እኛን ያልቻለ የመንደሩን አይብ እንዴት ይችላል ሲሉ ጠየቋት፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ መሸታ ቤት ተቀምጠው እንደሚወስኑ፣ እሷ ግን ብዙ ተስፋ ባታደርግ እንደሚሻል ነገሯት። ለማስረዳት ጀምራ ተወችው። ለሰው ባሌስትራ ከማስረዳት መንዳት ይቀላል።

እሑድ ሌላው ሲያስቀድስ እሷ ወደ በረቱ ወጣች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀንሳ አንዱን ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀችው። ፒካፑ ወደ ጎን አዘነበለ፤ አራቱም ጎማዎች ግን መሬት እንደጨበጡ ቀስ ብለው ተሻገሩ። በረቱ ጋ የእናቷን ድርሻ ጫነች፤ የራስን ድርሻ ለማውረድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ከአይቡ ሥር የመንደሩን ድርሻ ሁሉ የሚያህል ድንጋይ በጆንያ ደርድራ በዚያው መታጠፊያ ወረደች።

መሸታ ቤት ስትገባ ክርክሩ አላለቀም። ከአይቦቹ አንዱን ባዴ ጋቭሪላ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የዚህ ወቅት አይብ ገና ለጋ ስለሆነ ትንሽ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል፤ ባለፈው ዓመት በቪሳሪዮን ተጎታች የወረደው ግማሹ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ዙሪያውን አስኬዱት፤ ገልብጠውም አዩት፤ አንድም ስንጥቅ አላገኙም።

«አንድ አይብ በእቅፍም ይወርዳል» አለ ቪሳሪዮን።

«ፒካፑ ውጭ ቆሟል፤ ሄደህ ከአይቡ ሥር ያለውን ድንጋይ መዝን» አለችው።

ባዴ ጋቭሪላ ራሳቸው ወጥተው ጆንያዎቹን አንድ ባንድ በእጃቸው ገፉ፤ ጎንበስ ብለውም ካሶኒው በትራሶቹ ላይ ማረፉን አዩ። ተመልሰው ገቡና የፕለም አረቄ በሁለት ብርጭቆ ቀዱ። እዚያ አገር ውል የሚጸናው በዚህ ነው።

«ቁጭ በይ እንጂ ልጄ። መቼ ነው ወደ በረቱ የምትወጪው?»

«ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ።»

እንደቆመች ጨልጣ ብርጭቆውን መለሰች። ቪሳሪዮን ስለ ዝናብ ጭቃ መናገር ጀምሮ ነበር። የእናቷን አይብ አነሳች፤ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።